ስድስት ስልክ ወደ 07 ልናሻግር ነው፤ ሳንቸኩል ምከሩን

የግንፍሌዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ አጠገብ ባለ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ቤቱ ስድስት ስልክ አለው። የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የእናቴ፣ የ17 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጄና ስድስት ኪሎ የምትማረው የእህቴ ልጅ። ስድስቱም 09፣ የኢትዮ ቴሌኮም ናቸው። ባለፈው ወር ለካርድና ለጥቅል ያወጣነውን ወረቀት ላይ ስደምር 2,340 ብር ሆነብኝ። ደግሜ ደመርኩት፤ አልቀነሰም።

ባለቤቴ ነገሩን በልቡ ከጨረሰው ሰንብቷል። «ሁላችንም ወደ ሳፋሪኮም፣ ወደ 07 እንሻገር፤ ውል የለበት፣ ቅጣት የለበት፣ ካልተስማማን ሲሙን አውጥቶ ማስቀመጥ ነው» ይላል። ልጆቹ ከእሱ ወገን ናቸው። እናቴ ሰምታ ዝም ብላለች፤ የእናቴ ዝምታ ደግሞ እሺታ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቤታችን። ምድር ቤት ስለሆነና ዙሪያውን ሕንፃ ስለከበበን አሁንም ጓዳ ስገባ ስልክ ይቆራረጥብኛል። ሁለተኛው ቁጥሩ። ይህን ቁጥር ሥራ ከጀመርሁ ጀምሮ ይዤዋለሁ፤ ማን ዘንድ እንደተጻፈ እኔ ራሴ አላውቅም። ሙሉ ቤተሰብ ያሻገረ ሰው ካለ የገጠመውን ይንገረኝ። «ሞክሪው» የሚል መልስ ግን አልፈልግም፤ እሱን ባለቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ ይለኛል።

ሜክሲኮ አደባባይ፦

ሞክሪው።

(ይቅርታ፣ መተው አልቻልሁም። ማታ ተመልሼ ቁም ነገር እጽፋለሁ።)

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ የስልክ ሽቦ ስጎትት ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

ስልክ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ነው። ሞባይል የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ደጁ አንድ ነበር። ሁለተኛው ፈቃድ በግንቦት 2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ፤ አዲሱ ድርጅት በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ሞክሮ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ። ይህን የማነሣው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ሱቅ ሲገዛ የኖረ ሰው ሁለተኛ ሱቅ ሲከፈት ወይ ዘንቢሉን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ ወይ ደጃፉን አይረግጥም። ባለቤትሽ የመጀመሪያው ዓይነት፣ እናትሽ ሁለተኛው ዓይነት ይመስሉኛል።

ወደ ቤትሽ ልምጣ። ብረት የገባበት ኮንክሪት ሞገድ ይበላል። ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚመጣ ሞገድ ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ ግድግዳ ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደክማል። ዝቅ ባለው የሚመጣው ግድግዳ አልፎ ይገባል፣ ሸክሙ ግን ቀላል ነው። ለዚህ ነው በር ላይ ሙሉ የነበረው ምልክት ጓዳ ስትገቢ ወደ አንድ የሚወርደው። ይህ የማንም ድርጅት ጥፋት አይደለም፤ የግድግዳው ነው።

ስለዚህ ስድስት ሲም አትግዢ፤ አንድ ግዢ። ያንን አንድ ሲም በየክፍሉ ይዘሽ ዙሪ። በቀን ብቻ አትሞክሪ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሞክሪ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲያይና ሲያወራ። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጹ አልከፍት የሚልሽ ማማው ርቆ ሳይሆን ማማው ላይ የተሰለፈው ሰው በዝቶ ነው። ይህን ልዩነት የቀን ሙከራ አያሳይሽም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ የእናትሽ ስልክ ምን ዓይነት ነው?

የግንፍሌዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናቴ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት፤ ጫፏ ላይ መብራት ያላት። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የምታበራልን እሷ ናት።

ኑሮ በዘዴ፦

እህቴ፣ ስለ ኔትወርክ ከመጨነቅሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ። ስድስቱ ሲሞች በማን በማን ስም ነው የተመዘገቡት?

የምጠይቅሽ ስለደረሰብኝ ነው። የእኔን ሲም ያወጣልኝ ወንድሜ ነበር። ያኔ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር በእሱ ስም ወጣ። ከዚያ እሱ ጂዳ ሄደ፤ እኔም ረሳሁት። አንድ ቀን ስታዲየም አካባቢ ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ስልኬን መነተፉኝ። በማግሥቱ ሲሙን ላስተካ መታወቂያዬን ይዤ ሄድሁ። ልጅቷ ስሙን አይታ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» አለችኝ። ትክክል ናት፤ እንዲህ ባትል የማንኛውም ሰው ቁጥር የማንኛውም ሌባ ይሆን ነበር። ወንድሜ ግን ጂዳ ነው። የባንክ መልእክቴ፣ የእቁቡ ጉዳይ፣ የልጄ መምህር የሚደውልልኝ፣ ሁሉም እዚያ ቁጥር ላይ ነበር። አዲስ ቁጥር አውጥቼ ከዜሮ ጀመርሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲያገኘኝ «ምነው ጠፋሽ?» ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ወደየትም ብትሄዱ አዲሱን ሲም እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ በራሱ መታወቂያ ያውጣ። ጎዳና ላይ «ምዝገባ አያስፈልግም፣ ተመዝግቦ ያለቀ ነው» እያለ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እለፉት። በማታውቂው ሰው ስም የወጣ ቁጥር ላይ ገንዘብሽን ልታስቀምጪ ነው ማለት ነው።

የግንፍሌዋ፦

ይህን መልስ ያነበብሁት ትናንት ማታ ነው፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የእኔ በስሜ ነው። የባለቤቴም በስሙ። የልጆቹ ሁለቱም በእኔ ስም ናቸው። የእህቴ ልጅ የራሷ አላት። የእናቴ ግን የአባቴ ነው።

አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ነገር የማላውቀው ሆኖ አይደለም፤ በዓይኔ እያየሁ ያላየሁት ነገር ነው። በየወሩ መጨረሻ በቴሌብር ለእናቴ ገንዘብ እልካለሁ። ቁጥሯን ስጽፍ፣ ከማረጋገጤ በፊት፣ ስክሪኑ ላይ የተቀባዩ ስም ይወጣል። የሚወጣው የአባቴ ሙሉ ስም ነው፤ እስከ አያቱ። በየወሩ አይቼው «ላክ» የሚለውን እጫናለሁ። ለምን የእሱ ስም እንደሚወጣ ጠይቄ አላውቅም። ይመስለኛል እንዲወጣ ስለምፈልግ ነው።

አሁን ያቺ ትንሽ ስልክ ብትጠፋ ሲሟን ማን ያወጣላታል?

ጡረተኛው፦

ነፍሱን ይማር ልጄ። ይህ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። ድሮ አባወራው ወረፋ ጠብቆ የቤቱን ሁሉ በራሱ ስም ያወጣ ነበር። ሳይጠፋ አስተካክሉት። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ የእሷን መታወቂያና ስለ አባትሽ ማረፍ ያለሽን ወረቀት ያዢ፤ የጎደለ ካለ እዚያው ይነግሩሻል። ከመሻገሩ በፊት ይቅደም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሩቅ ሆኜ ጣልቃ ልግባ። እኔም ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ ቤተሰቤን ውል ወደሌለው ድርጅት አሻግሬ ነበርና ነገሩ ከእናንተ ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ ሳየው ገረመኝ።

እዚህ ሰውን አስሮ የሚይዘው ውሉና የስልኩ ዕዳ ነው። ስልኩን በወር በወር እየከፈልህ ስለምትወስድ ሳትጨርስ መውጣት ያስቸግራል። ቁጥሩ ግን የራስህ ነው። ከኅዳር 2003፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጀምሮ ማንም ሰው የሞባይል ቁጥሩን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። እኔ አራት ቁጥር ያሻገርሁት ኩሽና ቁጭ ብዬ፣ ሽሮ እስኪንተከተክ ነው። የአሮጌውን ድርጅት የሂሳብ ቁጥርና የማስተላለፊያ ምስጢር ቁጥር መስጠት ብቻ ነው። አንድ ሕግ አለው፦ አዲሱ ሥራ ሳይጀምር አሮጌውን አትዝጋ፤ ከዘጋኸው ቁጥሩም አብሮ ይሞታል። አዲሶቹ ርካሽ ድርጅቶች አብዛኞቹ የራሳቸው ማማ እንኳ የላቸውም፤ ከሦስቱ ትልልቆች ኔትወርክ ተከራይተው ነው የሚሸጡት።

እናንተ ጋ ውሉ የለም፤ ስልካችሁንም በራሳችሁ ገንዘብ ነው የምትገዙት። የምትፈሩት ግን ቁጥሩን ነው። 07 ሲም ስታወጡ 09ኙ አብሮ አይመጣም፤ ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሻገራል። እንግዲህ ለባለቤትሽ «ውል የለበት» የሚለውን ቃል በደንብ እንዲያስብበት ንገሪልኝ።

ደግሞ ከዚህ የተላከ ስልክ ካላችሁ ተጠንቀቁ። እዚህ በዕዳ የተወሰደ ስልክ ለድርጅቱ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ሌላ ሲም ሲገባበት አልቀበልም ይላል። ቁልፉን የሚከፍተው ስልኩን የሸጠው ድርጅት ራሱ ነው፤ ስለዚህ የላከላችሁ ሰው ከመላኩ በፊት ያስከፍተው። ለእህቴ የላክሁት ስልክ በዚህ ምክንያት ስምንት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የግንፍሌዋ ባል፦

ስሜ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልሁም። አዎ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባልሁት እኔ ነኝ።

ቁጥራችንን እንጣል አላልሁም። የምለው ይህ ነው፦ ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ ከስድስቱ አራቱ በድምፅ ሰው የሚያናግሩት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ልጄ «ሄሎ» ማለት ረስቷል። ገንዘቡ የሚሄደው ለኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ ቁጥር አይጠይቅም፤ 07 ይሁን 09 ቪዲዮው አንድ ነው። ሰው ቲማቲም ከሚረክስበት ይገዛል አይደል?

እና አማቴን እወዳታለሁ። ይህም ይመዝገብ።

ካርድ ሻጭ፣ ጊዮርጊስ፦

ባልየው ያልከው ግማሹ ልክ ነው። እኔ ጊዮርጊስ አካባቢ ሁለቱንም የምሸጥ ሰው ነኝ፤ የማንም ወገን አይደለሁም። ሰው የሚሳሳተው ጥቅል ሲገዛ ነው። የድምፅ ጥቅል ስትገዙ ደቂቃው ወደ ሁሉም ኔትወርክ የሚሠራ ነው ወይስ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ? ይህን ሳያነብ የሚገዛ ሰው «ደቂቃ እያለኝ ካርዴን በላው» ብሎ ይመጣል። አልተበላበትም፤ ወደ ሌላው ኔትወርክ ደውሎበት ነው። የእናንተ ዘመዶች፣ እድርተኛው፣ ገጠር ያለው ሰው ሁሉ 09 ላይ ከሆነ ስድስታችሁ ብቻችሁን 07 ብትሆኑ እርስ በርሳችሁ ትረክሳላችሁ። ግን አንድ ቤት የሚኖር ሰው እርስ በርሱ ምን ይደዋወላል?

ሌላው ቀኑ ነው። የቀን ጥቅል፣ የሳምንት፣ የወር፣ የሌሊት፣ እያንዳንዱ ማብቂያ አለው። ብዙ ሰው የወሩን ትልቅ ጥቅል በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዝቶ ግማሹን ሳይጠቀም ያልፍበታል። መጀመሪያ በቀን ምን ያህል እንደምትጨርሱ እወቁ። በ09 ቀሪውን በ*804# ታያላችሁ፤ የሁለቱንም ጥቅሎች ዝርዝር ደግሞ በ*999# እና በ*777# አስተያዩ። ከሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ ሳይሆን ቤት ቁጭ ብላችሁ።

እኔን ስለማይመለከተኝ፦

ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ በሞላበት አገር ይህ ሁሉ ክርክር ለምንድን ነው? 09ኙን ለጥሪ፣ 07ቱን ለኢንተርኔት። አለቀ።

ጡረተኛው፦

ሊያልቅ ተቃርቧል እንጂ አላለቀም። አንዳንድ ርካሽና ቆየት ያለ ስልክ ሁለት ማስገቢያ ቢኖረውም ፈጣኑን ኢንተርኔት የሚያገኘው አንደኛው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለጥሪና ለመልእክት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ኢንተርኔት የሚጠቀሙበትን ሲም አንደኛው ላይ አድርጉ። ሌላው፣ ኢንተርኔቱ ከየትኛው ሲም እንደሚመጣ በቅንብሩ ውስጥ ምረጡ። ካልመረጣችሁ ስልኩ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይዘላል፤ ጥቅል የሌለው ሲም ላይ ከዘለለ ያለው ካርድ ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

የግንፍሌዋ፦

የምክራችሁን ፈጸምሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አንድ 07 ሲም በስሜ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሳህን አስቀመጥን፤ ሲም ትንሽ ናትና እንዳትጠፋ። የሲሙን ማውጫ መርፌ ማን እንዳነሳው አልታወቀም፤ የልጄን የጆሮ ጌጥ ተጠቀምን። ባለቤቴ እንደ ቀዶ ሐኪም መነጽሩን አድርጎ አጎንብሷል፣ ልጆቹ ከላዩ ቆመዋል፣ እናቴ ሶፋው ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ በጎን ታያለች።

ከዚያ ዞርን። በ09ና በ07፣ በሁለት ስልክ፣ ከበር እስከ ጓዳ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ደግመን ዞርን። ሳሎንና የልጆቹ ክፍል ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ጓዳ ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ጋሼ እንዳሉት ግድግዳው ነው። ይህን ያህል ዘመን አንዱን ስወቅስ የኖርሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

ግን ትልቁ ግኝት ይህ አልነበረም። ካርድ ሻጩ «በቀን ምን ያህል እንደምትጨርሱ እወቁ» ስላሉን በየስልኩ የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚለውን ከፈትን። የ13 ዓመቱ ልጄ ስልክ ላይ ከሁሉ በላይ የቆመው ቴሌግራም ነው። «ምን ታያለህ?» ብለው «ምንም» አለ፤ አልዋሸም። ሃያ ምናምን ቻናል ገብቶ እያንዳንዱ የሚለቀው ቪዲዮ፣ ከፈተውም አልከፈተውም፣ በራሱ እየወረደ ስልኩን ሞልቶታል። ያልታየ የኳስ ጨዋታ ስንገዛ ኖረናል። በራሱ እንዲያወርድ የሚያደርገውን ቅንብር አጠፋነው። የባለቤቴ ስልክ ደግሞ ያነሳውን ፎቶ ሁሉ ሌሊት ሌሊት ወደ ማከማቻ ይጭናል፤ በጥቅላችን። እሱም ጠፋ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስለ ቲማቲም አላነሣም።

የእናቴ ጉዳይ ግን እራት ላይ መጣ። ባለቤቴ በትሕትና «እማማ፣ እርስዎም አዲስ ቁጥር ቢያወጡ?» አላት። እናቴ እንጀራዋን ቆርሳ እንደያዘች «እሱን ቁጥር ማን ያውቀዋል?» አለች። እኛ እንነግራቸዋለን አልናት። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄዳ ደብተሯን አመጣች። የልጄ የድሮ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ከኋላው ጀምራ በራሷ ጽሕፈት የጻፈችው። የእድሩ ዳኛ፣ የማኅበሯ ሙሴ፣ ደብረ ብርሃን ያለችው እህቷ፣ የንስሐ አባቷ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ጭምር፤ የእነሱ ላይ ትንሽ መስቀል ሠርታለች እንጂ አልሰረዘቻቸውም። «እነዚህ ሁሉ እኔን እንዲህ ጽፈውኛል» አለች። «ሰው ሲሞት ለቀስተኛ የሚጠራው በዚህ ነው። እኔ ሳልሰማ ብቀር ማን ይቀየማል፣ አንተ?»

ባለቤቴ ሁለተኛ አልጠየቀም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

«የሞቱ ሰዎች ቁጥር ጭምር» የሚለው ላይ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። የእኔም እናት እንዲሁ ነበረች።

ሜክሲኮ አደባባይ፦

ማታ እመለሳለሁ ብዬ ሳምንት ቆየሁ፤ ይቅርታ። ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ ስለዚህ በመስኮት በኩል የማየውን ልንገራችሁ።

ቁጥር የቀየረ ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ሁልጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። አዲስ ቁጥር ያወጣል፣ አሮጌውን ይረሳል፣ ካርድ ሳይሞላበት፣ ሳይደውልበት ይቆያል። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ይዘጋና ውሎ አድሮ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። የባንኩ መልእክት ግን አሁንም ወደዚያ ነው የሚሄደው። አንድ ደንበኛ ደመወዙ በገባ ቁጥር አንድ የማያውቀው ሰው እየደወለ «እንኳን ደስ አለህ» ይለው እንደነበር ነግሮኛል። ሰውየው ጨዋ ስለነበር እንጂ ሌላ ቢሆን የማረጋገጫ ቁጥሩንም ያገኝ ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አሮጌው ሲም ስልክ ውስጥ እያለና እየሠራ ሳለ ነው ሁሉም የሚለወጠው። መጀመሪያ ባንክ፤ መታወቂያ ይዞ በአካል ነው የሚሄደው፣ በስልክ «ቁጥሬን ቀይሩልኝ» ማለት አይቻልም፣ ሊቻልም አይገባም። ሁለት ሦስት ባንክ ያለው ሰው ሁሉም ጋ ይሂድ። ከዚያ ፋይዳ፤ ስትመዘገቡ የሰጣችሁት ቁጥር ላይ ነው ማረጋገጫው የሚመጣው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ግን ቀላል ናቸው፤ በቅንብራቸው ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አላቸው፣ በዚያ በኩል ከቀየራችሁ ወሬያችሁም ወዳጆቻችሁም አይጠፉም። አዲስ አካውንት ከከፈታችሁ ግን ጠፋባችሁ። ቴሌብር ላይ ያለ ገንዘብ ወይም ቁጠባ ከሲሙ ጋር ወደ ሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ አይሄድም፤ ሁለቱ የየራሳቸው ኪስ ናቸው። ከቴሌብር ብድር የወሰደ ሰው ካለ ደግሞ ዕዳውን ከፍሎ ይነሣ።

ወይም ደግሞ እንደዚያ «አይመለከተኝም» ያለው ሰው 09ኙን አትንኩት። እኔ ራሴ ያደረግሁት ይህንን ነው። በየተወሰነ ጊዜ ትንሽ ካርድ እሞላበታለሁ፣ አንድ ሰው እደውልበታለሁ፣ ሕያው ሆኖ ይቆያል።

እኔን ስለማይመለከተኝ፦

አመሰግናለሁ።

የግንፍሌዋ ባል፦

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ሊጠቅም ስለሚችል። የልጃችንን ትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ አዲሱን 07 ቁጥሬን ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ መለሰው። ሦስት ጊዜ ጻፍሁት። በኋላ ስጠይቅ ቅጹን የሠራው ሰው በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጎት ነው። ጸሐፊዋ «የእናቱን እንጻፍ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ልጁ ጠባይ የሚደወለው ለእሷ ነው። ይህን እንደ ጉዳት ቆጥሬ አላማርርም።

ኑሮ በዘዴ፦

ኧረ እህቴ፣ መጨረሻው ምን ሆነ? ስንት ተሻገራችሁ?

የግንፍሌዋ፦

ሁለት ወር ሊሞላን ነው፤ ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ኢንተርኔታቸውን ከ07 ነው የሚገዙት፤ 09ኙ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ተቀምጧል። የልጆቹ 07 በእኔ ስም ነው፤ ልጄ 18 ሲሞላት ወደ ራሷ ታዞራለች። የእህቴ ልጅ ያለችበት ቆየች። ምክንያቷን ስጠይቃት ጓደኞቿ በሙሉ 09 ስለሆኑ በድምፅ ጥቅሏ እንደልቧ እንደምታወራ ነገረችኝ፤ ያለችው አራት ሰዓት ስልክ ላይ ስለምታወራ ይመስለኛል። እኔ አልተሻገርሁም። የሁለት ባንክ ወረፋ ቆሜ፣ ፋይዳ ቀይሬ፣ ለእቁቡ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለሐኪሙ፣ ለልብስ ሰፊዋ ሁሉ መናገር ሲታሰበኝ ደከመኝ። ስንፍና ነው ብትሉኝም አልከራከርም።

ወጪያችን ወደ 1,580 ብር ወርዷል። ባለቤቴ በ07 ነው ይላል። እኔ ግን ሒሳቡን ለያይቼ ስሠራው ከቀነሰው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያ በራሱ ሲወርድ የነበረው ቪዲዮና ሌሊት ሌሊት የሚጫነው ፎቶ ነው። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አላነበበውም።

ያልተጨረሰው የእናቴ ነው። ወረቀቱን ካሟላሁ ቆይቷል፤ እሷ ናት የምታዘገየው። አንድ ጊዜ እግሯን አመማት፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ማኅበር ነበራት። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ «ስሙን ሲያነሡት ስልኬ ላይ ምን ይቀራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አይለወጥም፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ የሚለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው አልኋት። «ብቻ» አለች፣ እኔን ደግማ። ከዚያ ስኒዋን አስቀመጠች።

ጡረተኛው፦

አታጣድፊያት። ግን ሳይጠፋ ይሁን።

የግንፍሌዋ፦

እሺ ጋሼ።

ትናንት የወሩን ገንዘብ ላክሁላት። ቁጥሯን ጻፍሁ፣ ስሙ ወጣ፣ እስከ አያቱ። ከመጫኔ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁትና ፒያሳ ወስጄ አሳተምሁት፤ የፓስፖርት ፎቶ በሚያህል ወረቀት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ካነበበችው በኋላ ደብተሯ ውስጥ፣ በአባቴ የድሮ ቁጥር ገጽ ላይ አስገባችው። ማክሰኞ ጠዋት እንሄዳለን ብላኛለች።